የአቶም እሳትና ጠባቂው

እሳት ለሰው ልጅ የሚጠቅመው ጠባቂ ሲኖረው ነው። ከእሳትም ሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሚሻው በአቶም ኃይል ማመንጫ ውስጥ ያለው ነው፤ ሥራው እንዲቆም ከተደረገ በኋላ እንኳ ትኩሳቱ ወዲያው ስለማይጠፋ፣ ለረጅም ጊዜ ውሃ እየፈሰሰለት መቀዝቀዝ አለበት። ስለዚህ መሐንዲሶች መኪናው ራሱን በራሱ እንዲጠብቅ ብዙ መሣሪያ አበጅተውለታል። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ፊት ተቀምጦ የሚያየውና የሚፈርደው ሰው ነው። ይህ ሰው በተሳሳተ ጊዜ የስሕተቱ ሥር ከወዴት እንደ ሆነ መመርመር፣ ሥራ ለሚያዝ ሁሉ ትምህርት ይሆናል።

በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በሳስኩሃና ወንዝ መካከል ባለች ስሪ ማይል አይላንድ በምትባል ደሴት ላይ የአቶም ኃይል ማመንጫ ተሠርቶ ነበር። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ. ም.፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1979፣ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት፣ ለሁለተኛው ሬአክተር እንፋሎት ማፍያ ውሃ የሚያቀርቡት ፓምፖች በድንገት ቆሙ። ሬአክተሩም እንደ ተሠራበት ሥርዓት ወዲያው ራሱን አጠፋ። የበዛውንም ግፊት ለማስተንፈስ አንድ ቫልቭ ተከፈተ፤ ግፊቱ ሲበርድ ግን መዘጋት ሲገባው ሳይዘጋ ቀረ፤ የማቀዝቀዣውም ውሃ በዚያ ይወጣ ጀመር።

በመቆጣጠሪያው ክፍል የነበሩት ሠራተኞች ይህን አላወቁም። በፊታቸው ያለችው መብራት ስለ ጠፋች ቫልቩ የተዘጋ መሰላቸው፤ መብራቲቱ የምታመለክተው ግን ዝጋ የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። መሣሪያው በራሱ ሥርዓት ውሃ ማስገባት ቢጀምርም፣ ሠራተኞቹ የግፊት መቆጣጠሪያውን ጋን መለኪያ ተመልክተው ውሃው ከመጠን በላይ ሞላ ብለው ስለ ፈሩ፣ ያንኑ የሚያድነውን ውሃ በእጃቸው ቀነሱት። ይህንንም ያደረጉት ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ ጋኑ ጢም ብሎ እንዳይሞላ ተጠንቀቁ ተብለው ተምረው ነበርና ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ለተራው የመጣ አንድ ኃላፊ ነገሩን በአዲስ ዓይን ተመልክቶ ከቫልቩ ቀጥሎ ያለው ሌላው መዝጊያ እንዲዘጋ አደረገ። ቢሆንም ውሃው አስቀድሞ ስለ ጐደለ፣ ከሬአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ በዚያው ጧት ቀለጠ። ወደ ውጭ የወጣው ጨረር ጥቂት ስለ ነበረ ሕዝቡ ከታላቅ ጉዳት ዳነ።

ታሪኩን እስከዚህ ብቻ የሰማ ሰው ጥፋቱ የሠራተኞቹ ነው ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ግን፣ ፕሬዚዳንት ካርተር የሾሙትና በጆን ኬሜኒ የሚመራው መርማሪ ጉባኤ ነገሩን ከሥሩ ያዘው። ከ18 ወር በፊት፣ መስከረም 14 ቀን 1970 ዓ. ም.፣ በኦሃዮ ግዛት ዴቪስ ቤሲ በሚባለው ማመንጫ እንዲሁ ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ፣ በዚያም ሠራተኞች ውሃውን አቋርጠው ነበር። ያ ሬአክተር በዚያን ሰዓት በትንሽ ኃይል ይሠራ ስለ ነበረ፣ ሠራተኞቹም በ20 ደቂቃ ያህል ውስጥ ነገሩን ስለ ደረሱበት ብርቱ ጉዳት አልደረሰም። የሬአክተሩ ሠሪ ኩባንያ መሐንዲሶችም አደጋውን አስተውለው፣ ለሠራተኞች ግልጽ መመሪያ ይሰጥ ዘንድ በጽሑፍ አሳስበው ነበር። ጽሑፉ ግን ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር ያቺ የመጋቢት ሌሊት ደረሰች፤ በስሪ ማይል አይላንድ ወንበር ላይ ለተቀመጡት ሰዎች የነገራቸው አልነበረም።

ጉባኤው የሠራተኞቹን ስሕተት አልሸሸገም፤ ነገር ግን የትምህርታቸው ማነስ፣ የመመሪያው ግራ አጋቢነት፣ የመቆጣጠሪያው ክፍል አሠራርና የበላዮች ጉድለት ወደ ስሕተቱ እንደ መራቸው ገለጠ።

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ. ም. በዩክሬን በቼርኖቢል የደረሰው እጅግ የከፋ መቅሠፍትም ይህንኑ ያስረዳል። ወቀሳው በመጀመሪያ በሠራተኞቹ ላይ ከበደ። የዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አማካሪዎች ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ባወጡት ጽሑፍ፣ እሳቱን ለማጥፋት የተሠሩት ዘንጎች ወደ ውስጥ ሲገቡ በመጀመሪያ ኃይሉን ሊጨምሩ እንደሚችሉ አስቀድሞ ታውቆ ሳለ፣ ለሠራተኞቹ በሚገባ እንዳልተነገራቸው አስታወቁ።

የሰው እጅ ግን ለጥፋት ብቻ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ. ም. የባሕር ማዕበል በጃፓን የሚገኘውን ፉኩሺማ ዳይኒ የተባለውን ማመንጫ በመታ ጊዜ፣ ከ4ቱ ሬአክተሮች የ3ቱ ማቀዝቀዣ ተሰናከለ። አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ስለ ተረፈ ግን ሠራተኞቹ መለኪያዎቻቸውን ማንበብ ይችሉ ነበር። የማመንጫው ኃላፊ ናኦሂሮ ማሱዳም የሚከታተለውን የምድር መንቀጥቀጥ ጊዜና መጠን በሰሌዳ እየጻፈ ያሳያቸው ነበር። 200 ያህል ሰዎች 9 ኪሎ ሜትር የሚሆን ከባድ ገመድ በእጃቸው ዘረጉ፤ የአንደኛው ሬአክተር ግፊት ይበልጥ መፍጠኑ በታየ ጊዜም ሥራውን ወደዚያ አዞሩ። እስከ መጋቢት 6 ቀን 4ቱም ሬአክተሮች በደኅና ቀዘቀዙ።

እንግዲህ ከእነዚህ ነገሮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። እውነቱን የሚያይና የተነገረው ሠራተኛ መኪናው ያልቻለውን ያድናል፤ ያልተነገረው ግን በትጋቱ ሳለ ያጠፋል። ስለዚህ የበላይ የሆነ ሰው ያወቀውን ማስጠንቀቂያ በመዝገብ ቤት ከማኖር ይልቅ ሥራውን ለያዘው እጅ ማድረሱን ማረጋገጥ አለበት። ጥፋትም በደረሰ ጊዜ፣ ማን ተሳሳተ ከማለት አስቀድሞ፣ ማስጠንቀቂያው ከማን ዘንድ ቀረ ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው።