አንድ ፋይል፣ ሁለት ቁጥሮች፣ አንድ እልባት

አንድ ሰው በሲ ቋንቋ ፕሮግራም ጽፎ ፋይል ሲከፍት ሥርዓተ ክወናው የሚያስረክበው ፋይሉን ሳይሆን አንዲት ቁጥር ናት። ይህች ቁጥር በዩኒክስና ሊኑክስን በመሳሰሉት ተከታዮቹ ዘንድ ፋይል ዲስክሪፕተር ትባላለች። 0 ለግብዓት፣ 1 ለውጤት፣ 2 ለስሕተት መልእክት አስቀድመው የተመደቡ በመሆናቸው፣ ፕሮግራሙ ራሱ የሚከፍተው የመጀመሪያ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ 3 ቁጥርን ያገኛል። ዱፕ የተሰኘው የሲስተም ጥሪ ከነዚህ ቁጥሮች አንዱን ተቀብሎ ሌላ ቁጥር ይመልሳል።

ታዲያ የተባዛው ምንድን ነው? ብዙ ተማሪዎች ፋይሉ ራሱ የተገለበጠ ይመስላቸዋል። በዲስኩ ላይ ግን አንዲት ባይት እንኳ አልተጨመረችም።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ወደ ሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ መዝለቅ ያሻል። በሥራ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የቁጥሮች ሰንጠረዥ አለው። የሰንጠረዡ ረድፎች ከርነሉ ለሁሉም በጋራ ወደሚይዘው የተከፈቱ ፋይሎች መዝገብ ያመለክታሉ፤ ንባቡ ወይም ጽሕፈቱ ስንተኛው ባይት ላይ እንደደረሰ የሚታወቀውም ከዚህ መዝገብ ነው። ዱፕ የሚያባዛው የፊተኛውን ሰንጠረዥ ረድፍ ብቻ ነው። በብራና መጽሐፍ ውስጥ የሚገባውን የፈትል እልባት እናስታውስ። ሁለት ሰዎች በአንድ እልባት ቢጠቀሙ፣ አንዱ ካቆመበት ሌላው ይቀጥላል። ያንኑ ፋይል ሁለት ጊዜ መክፈት ግን ሁለት እልባት እንደ ማስገባት ነው።

የልዩነቱ ዋጋ በቤተ ሙከራ ይታያል። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ የሙቀት ሥርጭት ስሌት አለ እንበል፤ ውጤቱ በ1፣ ማስጠንቀቂያው በ2 በኩል ወደ አንድ ፋይል እንዲጻፍ ተፈልጓል። ፋይሉ ሁለት ጊዜ በተራ አከፋፈት ከተከፈተ ሁለቱም ከባይት 0 ስለሚጀምሩ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ይደመስሳል። ማለዳ የሚገኘው ግማሹ ቁጥር፣ ግማሹ የተቆራረጠ ቃል ነው፤ የጠፋውም አይመለስም። 2 ከ1 የተባዛ ከሆነ ግን እልባቱ አንድ ነውና መደማሰስ የለም። (የቅደም ተከተሉ ነገር ሌላ ነው፤ የሲ ቤተ መጻሕፍት ወደ ፋይል የሚሄደውን ውጤት አጠራቅሞ ስለሚልክ ማስጠንቀቂያው ሊቀድም ይችላል።)

ዱፕ ምንጊዜም የሚሰጠው ካልተያዙት ሁሉ አነስተኛውን ቁጥር ነው። ስለዚህ የጥንቶቹ ፕሮግራመሮች 1ን ዘግተው ወዲያው ዱፕን ይጠሩ ነበር። ዘዴው ብልህ ቢሆንም አስተማማኝ አይደለም፤ 0 አስቀድሞ ተዘግቶ ከነበረ ቅጂው ወደ 0 ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም የመጣው ዱፕ2 የሚፈለገውን ቁጥር ራሱን ይቀበላል፤ ቁጥሩ ተይዞ ከሆነም ዘግቶ ይተካዋል። ዛሬ መዝጋቱና መተካቱ በአንድ እርምጃ ስለሚፈጸም ሌላ ክር በመካከል ገብቶ ቁጥሩን ሊወስድ አይችልም። በእኔ አስተያየት አዲስ ጸሐፊ ዱፕን ትቶ ከዱፕ2 ቢጀምር ይሻለዋል።

በትእዛዝ መስመር ላይ «> ውጤት 2>&1» ብለን ስንጽፍ ሼሉ በስተጀርባ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሚያነበውም ከግራ ወደ ቀኝ ነው። «2>&1 > ውጤት» ብንል 2 የሚወርሰው 1 ገና ወደ ስክሪኑ እያመለከተ ሳለ ስለሆነ፣ ማስጠንቀቂያው ከፋይሉ ውጭ ይቀራል።

ፕሮግራምን ከፕሮግራም የሚያገናኘው ቧንቧም ያለ ማባዛት አይሠራም። ቧንቧን እ.ኤ.አ. በ1973 በዳግላስ ማክኢልሮይ ውትወታ ኬን ቶምፕሰን በቤል ላቦራቶሪ ወደ ዩኒክስ አስገባው። እዚህ ላይ ቅጂዎቹን መቁጠር ግድ ነው። አንባቢው ፕሮግራም መጨረሻው መድረሱን የሚያውቀው ወደ ቧንቧው የሚጽፉት ቁጥሮች በሙሉ ሲዘጉ ብቻ ነው። አንዲት የተባዛች ቁጥር ሳትዘጋ ከተረሳች፣ ፕሮግራሙ የስሕተት መልእክት ሳያሳይ፣ ከቶ የማይመጣ ባይት እየጠበቀ ይቀመጣል።