እንግዳ ባለሙያ ለሳይንስ ተማሪ ምን ይጠቅማል?

ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን ኬሚስትሪ ሲማሩ ከሚያስቸግሯቸው ነገሮች አንዱ፣ ትምህርቱ ከኑሮ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አለመታየቱ ነው። ስለዚህ አንዳንድ መምህራን በሙያው የሚሠራ ሰው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይጋብዛሉ። ውድ ወላጆች፣ ይህ ፈተና ላይ የማይመጣ ወሬ እንዳይመስላችሁ።

ኦስሞሲስን እንውሰድ። ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት በኩል ይሄዳል፤ መምህሩ ቀመሩን ይጽፋል፣ ተማሪው ይሸመድዳል። የባሕር ውሃ ከሚያጣራ ድርጅት የመጣ መሐንዲስ ግን ከዚያው ቀመር ተነስቶ ወደ ሥራው ይገባል። የሜዲትራንያን ውሃ በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለው። ውሃውን በተቃራኒው ገፍቶ ለማጣራት ከተለመደው የአየር ግፊት 60 እጥፍ ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሽቀሎን ሥራ የጀመረው ማጣሪያ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። (ለዚህ የሚሆነውን ሽፋን ከባልደረባው ጋር በካሊፎርኒያ የሠራው ሲድኒ ሎብ በኋላ ቤር ሼቫ መጥቶ አስተምሯል።)

ቀጥሎ ክርክሩ ይመጣል። ቦሮን የተባለው ንጥረ ነገር በሽፋኑ በቀላሉ ስለሚያልፍና ሲበዛ የብርቱካን ዛፍን ስለሚጎዳ ተጨማሪ ማጣሪያ ይጠይቃል። ለጤና የሚያስፈልገው ማግኒዚየም ደግሞ ከጨው ጋር አብሮ ይወጣል። መልሶ ይጨመር ወይስ ወጪው ይከብዳል? በእስራኤል ለዓመታት ያከራከረ ጉዳይ ነው፤ በቀመር ብቻም አይመለስም።

በብዙዎቻችን ቤት የሚጠየቅ መሐንዲስ አጎት የለም። እንግዳው ሲመጣ ልጆቻችሁ ከፊት ይቀመጡ፤ ምን ተምሮ እዚህ ሥራ እንደደረሰም ሳያፍሩ ይጠይቁት።