ሃይብሪድ መኪና በረዶ ላይ ለምን እምቢ ይላል?

በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሃይብሪድ መኪና ምን ያህል እንደሚወዱ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ታክሲ ነጂው ይወደዋል፤ ቤንዚን ይቆጥብለታልና። ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታመላልሰውም እናት ትወደዋለች። ይሁን እንጂ በረዶ በጣለ ማግስት ከእነዚሁ ሰዎች አንድ ዓይነት ስሞታ ይሰማል፦ «ነዳጅ ስረግጠው ዝም አለኝ!»

በሰሜን ቨርጂኒያ የእሑድ መድረሳ ስናስተምር አንዲት እህታችን ልጆቿን ልትወስድ የመጣችው ሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉ ከሄዱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር። «አፉ ይበሉኝ ኡስታዝ፤ መኪናው ዳገቱ መሐል ላይ ሞተብኝ» አለችን። ሞተሩ ጠፍቶ እንደሆነ ጠየቅናት። «ኧረ አልጠፋም፤ መብራቱ ሁሉ በርቷል። እስከ ወለሉ ድረስ ብረግጠው ንቅንቅ አልል አለኝ እንጂ። ከኋላዬ ደግሞ አውቶቡስ እየመጣ ነበር።» አውቶቡሱ በአላህ ፈቃድ ቆሟል። ሁልጊዜ ግን አይቆምም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማወቁ ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

በመጀመሪያ ደረጃ መኪናው አልተበላሸም። ያቆመው ትራክሽን ኮንትሮል የሚባለው መቆጣጠሪያ ነው። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ፍጥነቱን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ኮምፒዩተሩም አራቱን እያነጻጸረ፣ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ በባዶ ሲሽከረከር ካየ ኃይሉን ይቀንሳል ወይም ያንኑ ጎማ በፍሬን ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ ከኋላው የተጠማዘዘ መስመር ያለው የመኪና ምስል ብልጭ ድርግም ይላል። ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። በባዶ የሚሽከረከር ጎማ ወደ ፊት አለመግፋቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም መሬት አይቆነጥጥም፤ የፊት ጎማዎች በሚነዱት መኪና ይህ ከሆነ መሪው ቢዞርም መኪናው አይታዘዝም።

ታዲያ ሃይብሪዱን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? ለምሳሌ ያህል በሰፊው የሚታወቀውን ቶዮታ ፕሪየስን እንውሰድ። በጃፓን ለገበያ የቀረበው በታኅሣሥ ወር 1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሁለተኛው ትውልድ በ2003 ወጣ። በዚህ መኪና ውስጥ እኛ የምናውቀው ፍሪሲዮን የለም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ የሚቀይሩት ማርሽም የለም። በምትኩ የቤንዚን ሞተሩና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች በአንድ የጥርስ ቤት ይገናኛሉ፦ መሐል ላይ አንድ ጥርስ፣ በዙሪያው የሚዞሩ ትንንሽ ጥርሶች፣ ከውጭ ደግሞ ሁሉንም የሚያቅፍ ቀለበት። ትልቁ የኤሌክትሪክ ሞተር ከቀለበቱ፣ ቀለበቱም ከጎማዎቹ ጋር ምንጊዜም ተያይዘው ይዞራሉ። ጎማው ሲዞር ሞተሩ ይዞራል፤ ጎማው ሲቆም ሞተሩም ይቆማል። በመካከላቸው የሚላቀቅ ነገር የለም።

የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ሙሉ የመጠምዘዝ ጉልበቱን የሚሰጠው ገና ከቆመበት ሲነሣ ነው። የሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ሞተር ጉልበቱ 50 ኪሎዋት፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ 400 ኒውተን ሜትር ነበር። ይህን የሚያህል ጉልበት በረዶ ላይ ለቆመ ጎማ በአንድ ጊዜ ሲሰጠው ጎማው በቅጽበት ይሽከረከራል፤ ሞተሩም አብሮ ይፈተለካል። ከዚያ ጎማው ድንገት ደረቅ አስፋልት ቢያገኝስ? እየበረረ ያለው ሞተር ባንድ ጊዜ እንዲቀንስ ይገደዳል። ግጭቱን የሚያለዝብ ፍሪሲዮን ስለሌለ ድንጋጤው በጥርሶቹና በኤሌክትሪኩ ክፍል ላይ ያርፋል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮምፒዩተሩ ገና መንሸራተቱን ሲያይ ኃይሉን እንዲቆርጠው አደረጉ። ከ2004 እስከ 2009 በተሸጡት ሞዴሎች ላይ ቁረጣው ብርቱ ነበር፤ መቆጣጠሪያውን የሚያጠፋ ቁልፍም አልተደረገላቸውም። በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች የነበሩ ባለቤቶች አቤቱታ ያሰሙት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ለዘብ ያሉ ናቸው። በአሜሪካ ከ2019 ሞዴል ጀምሮ የኋላ ጎማዎችን የሚያግዝ ትንሽ ሞተር የተጨመረበት ፕሪየስም ቀርቧል፤ የዚያን ጊዜው የኋላ ሞተር የሚያግዘው እስከ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ብቻ ነበር። ይህም ቢሆን ለመነሣት እንጂ ለመቆም አይረዳም። በረዶ ላይ ሲቆም ሁሉም መኪና አራት ጎማ ነው ያለው።

ወደ ዳገቱ እንመለስ። መኪናው እምቢ ሲል አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የበለጠ መርገጥ ነው። ይህ ከድጡ ወደ ማጡ መሄድ ነው። ብዙ ጉልበት በተጠየቀ ቁጥር ጎማው ይንሸራተታል፤ ኮምፒዩተሩም መልሶ ይቆርጣል። እግርን ከነዳጁ ሙሉ በሙሉ ማንሣት፣ መሪውን ማቃናት (የዞረ ጎማ በረዶውን እየገፋ ስለሚሄድ ይከብደዋል)፣ ከዚያም እንቁላል የረገጡ ያህል በቀስታ መንካት ያዋጣል። ከኋላ ሰው ከሌለ ጥቂት ወደ ኋላ ተንሸራቶ በሌላ መስመር፣ ያልተረገጠ በረዶ ላይ መሞከርም ይረዳል፤ መኪና ተመላልሶ ያለሰለሰው መንገድ ከአዲሱ በረዶ ይልቅ ያዳልጣልና። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዳገቱ ላይ አለመቆም ነው። ከፊታችን ያለው መኪና ጫፍ እስኪደርስ ከታች መጠበቅና በጀመርነው ግስጋሴ ሳያቋርጡ መውጣት ያስፈልጋል። ከኋላ ያለው ሹፌር ጥሩንባ ቢነፋ ይንፋ።

ማጥፊያ ቁልፍ ያላቸው መኪናዎች ብዙ ናቸው። ቁልፉ የተሠራው ጎማው ጥልቅ በረዶ ወይም ጭቃ ውስጥ ሲቀበር ነው፤ ያን ጊዜ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዙ ለማውጣት ጎማው ትንሽ መሽከርከር አለበት። በቶዮታ መኪናዎች አጭር ጊዜ መጫን ትራክሽኑን ያጠፋል፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ከሦስት ሴኮንድ በላይ ይዞ መቆየት ደግሞ የመኪናውን ሚዛን የሚጠብቀውን ጭምር ያጠፋል። እንደ ወጡ መልሶ ማብራት ግዴታ ነው። አሸዋ ወይም የድመት አፈር ከፊት ጎማዎቹ ሥር መነስነስም ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ከጠፉ የእግር ምንጣፉ ያገለግላል።

ቁልፍ ለሌላቸው ለእነዚያ የድሮ ፕሪየሶች «የጋራዥ ስልት» እየተባለ ከሰው ሰው የሚተላለፍ ዘዴ አለ፦ ነዳጁንና ማርሹን በቅደም ተከተል በመነካካት መኪናውን ወደ መመርመሪያ ሁኔታ ማስገባት። ዘዴው እውነት ነው፤ ትራክሽኑንም ያጠፋል። ነገር ግን የተዘጋጀው መካኒክ መኪናውን በመመርመሪያ ማሽን ላይ ሲያቆመው እንዲጠቀምበት ነው። በዚያ ሁኔታ መንገድ ላይ መንዳት የጥርስ ቤቱን ሊጎዳ ይችላል፤ የእሱ ዋጋም ካረጀው መኪና ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ቅደም ተከተሉን እዚህ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው።

እኛን የጠየቀን ሰው ቢኖር ገንዘቡን ጎማ ላይ እንዲያውለው እንመክረዋለን። ሃይብሪድ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙ ጊዜ የሚገጠምላቸው ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በቀላሉ እንዲንከባለል የተሠራ ጎማ ነው። ተራው ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ እየደረቀ መሬት መቆንጠጡን ይተዋል፤ የበረዶ ጎማ ግን ልስላሴው አይለቀውም። ምልክቱ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የያዘ ሥዕል ነው። ኤምና ኤስ የሚሉት ፊደላት ብቻቸውን ይህን አይተኩም። መግዛትም አራቱን ነው እንጂ ለፊቶቹ ብቻ አይደለም፤ ፊቱ ቆንጥጦ ኋላው ከተንሸራተተ መኪናው ይዞራል። የካናዳዋ ክፍለ ሀገር ኪቤክ ነገሩን ከ2008 ጀምሮ በሕግ ደንግጋዋለች፤ ዛሬ ግዴታው ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 15 እ.ኤ.አ. ነው። ሊሾ የሆነ ጎማ ላይ ተቀምጦ ኮምፒዩተርን መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል።

ፍሬኑም የራሱ ጠባይ አለው። ሃይብሪድ መኪና ሲቀዘቅዝ በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ባትሪ እየሞላ ይይዘዋል፤ ጎማው ሲንሸራተት ግን ሥራውን ለተራው ፍሬን ያስረክባል። በዚያች የርክክብ ቅጽበት መኪናው ያመለጠ ይመስላል። በየካቲት 2010 እ.ኤ.አ. ቶዮታ በዓለም ዙሪያ 437,000 ያህል ሃይብሪዶችን የጠራው በሚያዳልጥና በተቦረቦረ መንገድ የሚሰማውን ይህንኑ ነገር በፕሮግራም ለማስተካከል ነበር። የ2010 ሞዴል ከሰው እጅ የገዛችሁ እርማቱ መደረጉን ጠይቁ፤ በአሜሪካ የሻንሲውን ቁጥር ሰጥቶ በነፃ ማረጋገጥ ይቻላል። ፍሬኑ እግር ሥር ሲንቀጠቀጥ አትልቀቁት፤ ረግጣችሁ ያዙት።

አሁን ከሁሉ የከፋውን እንናገር። በጥር 3 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ በረዶ የያዛቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪናዎች አንዳንዶቹ ከ24 ሰዓት በላይ ቆመው አድረዋል፤ ሴናተር ቲም ኬን ከነዚሁ መካከል ነበሩ። እንዲህ ያለ ቀን ሃይብሪድ ውስጥ ልጆች ይዞ የቆመ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። መኪናው ዝም ስላለ ሞተሩ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ማሞቂያው ከበራ ወይም ባትሪው ከቀነሰ የቤንዚን ሞተሩ በራሱ ይነሣል። የጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የተኛ ልጅም ከእንቅልፉ ላይነቃ ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው ወርዶ የጭስ ማውጫውን ዙሪያ መጥረግ፣ መስኮትም ጥቂት ከፈት ማድረግ ያስፈልጋል።

አገር ቤት ላላችሁም ነገሩ ጨርሶ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፤ ከቆመበት ሙሉ ጉልበት የመስጠት ጠባዩም ያው ነው። የክረምት ጭቃ ላይ ቀስ ብሎ መርገጥ እዚያም ይሠራል።

መኪናው ጨርሶ አልወጣ ካለና ጎታች ከጠራችሁ፣ ሃይብሪድ መሆኑን በስልክ አስቀድማችሁ ንገሩ። የፊት ጎማዎቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ከተጎተተ ሞተሩ አብሮ ስለሚዞር ኤሌክትሪክ ሊያመነጭና ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። መምጣት ያለበት መኪናውን በጀርባው የሚጭን ጠፍጣፋ ነው፤ እሱ ከሌለ የፊት ጎማዎቹን ከመሬት የሚያነሣ ይሁን።