ስትወረወር ማን ይቀበላታል?

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን «ቺርሊዲንግ» የሚሉት ነገር አለ። እዚህ ደብረ ታቦር ላለን አያቶች ቃሉ እንግዳ ነው፤ ሥራው ግን ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ፋሲል ከነማ ሲጫወት ስታዲየም የገባ ሰው፣ ለጨዋታው ጀርባውን ሰጥቶ ከደጋፊው ፊት ቆሞ ዜማ የሚያወጣውን አስጨፋሪ ያውቀዋል። በቡሄ ዱላ እየደቃ የሚያወርደውን ልጅና ተከትለው የሚቀበሉትን ጓደኞቹንም ሁላችንም በደጃችን አይተናል። ቺርሊደር ሲባል የመጀመሪያ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አስጨፋሪ።

ዛሬ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለውድድር የሚወጡት ቡድኖች የሚሠሩት ግን ከጭፈራ አልፏል። ሰው በሰው ትከሻ ላይ ይቆማል። ልጅቷን ወደ ላይ ይወረውሯታል፤ አየር ላይ ተገልብጣ ስትመለስ ይቀበሏታል። ሌሎቹ መሬት ላይ እየተገለባበጡ ያልፋሉ። ይህ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይጠናቀቃል። ድካሙ ግን የዓመት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በቤተሰባችን መካከል የተነሳ ክርክር ነው። የታናሽ እህቴ የልጅ ልጅ አሜሪካ የተወለደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ኔትወርክ በመጣ ቀን በቴሌግራም ፎቶዋ ደረሰ። አጭር ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯ ላይ ትልቅ ሪባን አስራ፣ በሦስት ልጆች መዳፍ ላይ ቆማ ትስቃለች። እህቴ ስልኩን ይዛ ወደ እኔ መጣች። «እታለም፣ ልጄ ሁለት ሥራ እየሠራ የሚያስተምራት ለጭፈራ ነው?» አለችኝ። ወንድማችን ደግሞ «ልጅ ናት፣ ተዪያት ትጫወት» አለ። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስለሠራሁ ነው መሰለኝ፣ ዐይኔ የሄደው ከልጅቷ እግር በታች ወዳለው ወለል ነበር። ምንጣፍ አለ? ከኋላዋስ ማን ቆሟል? ብትወድቅ መጀመሪያ የሚነካው ጭንቅላቷ ነው ወይስ እግሯ?

ወንዶች የጀመሩት ነገር

እህቴን መጀመሪያ ያረጋጋኋት በታሪኩ ነው። ይህ ነገር የሴቶች የቀሚስ ትርኢት ሆኖ አልተጀመረም። በተደጋጋሚ እንደሚጻፈው፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1898፣ በእኛ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆኒ ካምቤል የተባለ ተማሪ በእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ ከሕዝቡ ፊት ወጥቶ ድጋፉን መራ። የአድዋ ድል ከሆነ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አስጨፋሪዎቹ ወንዶች ነበሩ። ሚኒሶታ ሴቶችን ማስገባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ ቦታውን ሴቶቹ ያዙት፤ ዛሬ የሚበዙትም እነሱ ናቸው። በልጅነታቸው ወይም በተማሪነታቸው አስጨፋሪ ከነበሩት መካከል አይዘንሃወር፣ ሬገንና ትንሹ ቡሽ ይገኙበታል። ሦስቱም የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ሆነዋል።

«እንግዲያው ፕሬዚዳንት ልትሆን ነዋ!» ብላ ሳቀች እህቴ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋናው ጉዳይ ማውራት የቻልነው።

የቡድኑ ሕይወት

በውድድር ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ቦታ አለው። ወደ ላይ የምትወጣዋን «ፍላየር» ይሏታል። ከታች የሚሸከሙት «ቤዝ» ይባላሉ። ከኋላ ቆሞ ዐይኑን ከልጅቷ የማይነቅል፣ ስትወርድ ጭንቅላቷንና አንገቷን የሚጠብቅ ደግሞ አለ፤ «ባክ ስፖት» ይሉታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ብሂላችንን በሥጋና በአጥንት ማየት የፈለገ ይህንን ይመልከት። አንዱ ለሰከንድ ቢዘናጋ ዋጋውን የምትከፍለው ላይ ያለችው ናት።

ልጆቹ ከትምህርታቸው ጎን ለጎን በሳምንት ብዙ ቀን ይለማመዳሉ። ጠዋት የጉልበት ሥራ፣ ማታ ልምምድ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ኳስ ቡድን ማስደገፍ አለባቸው። ትልቁ የኮሌጆች ውድድር በየዓመቱ በሚያዝያ አካባቢ በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የቴክሳሱን የናቫሮ ኮሌጅ ቡድን የሚያሳይ ተከታታይ ፊልም ወጥቶ በብዙ አገር ታይቷል። በዚያ ቡድን ውስጥ አርባ ያህል ልጆች ዓመቱን ሙሉ ይለፋሉ፤ በውድድሩ ቀን ምንጣፉ ላይ የሚወጡት ግን ሃያ ብቻ ናቸው።

ይህን ቁጥር ልብ በሉት። ሃያ ልጅ ቦታ ይዟል፤ ሃያ ልጅ ደግሞ ቦታውን ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ «አመመኝ» ማለት ቀላል አይደለም።

የእኛዋም ልጅ የደረሰባት ይኸው ነው። ለብቻዬ ስደውልላት ወለሉንና ምንጣፉን ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «አክስቴ፣ ለእማማ አትነግሪብኝ» አለች። በልምምድ ላይ ስትወርድ የጓደኛዋ ክርን ጭንቅላቷን መቷት ነበር። ሁለት ቀን ራሷን እያመማት፣ ብርሃን እያስጠላት፣ የምታነበው እየጠፋባት ለማንም ሳትናገር ተለማመደች። በሦስተኛው ቀን የቡድኑ የጤና ባለሙያ ከሁኔታዋ አውቆባት አስቆማት። ወደ ልምምድ የተመለሰችው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይታ፣ ቀስ በቀስ ነው። የውድድሩን ቦታ ግን ሌላ ልጅ ይዛዋለች። ለምን ለአያትሽ አልነገርሽም ስላት፣ «ድሮስ ጭፈራ ምን ያደርግልሻል ትለኛለቻ!» አለችኝ።

ይህ መልስ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ በቀሚሱ ስንቆጣ ልጅቷ የጭንቅላቷን ጉዳት ደበቀችን። ኋላ ራሷ ፈቅዳልኝ ለእህቴ ነገርኳት፤ ለእናንተም የምጽፈው በሁለቱም ፈቃድ ነው።

ቃሬዛ ላይ የነበረችው ተማሪ

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2006 በሴንት ሉዊስ ከተማ በተካሄደ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ የደቡባዊ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ቺርሊደር ከሰው ፒራሚድ ጫፍ ወደቀች። ከፍታው አራት ሜትር ተኩል ያህል ነበር፤ ከብዙዎቻችን የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ይበልጣል። የወደቀችው በጭንቅላቷ ነው። የአንገቷ አጥንት ተሰነጠቀ፣ አንጎሏ ተናወጠ፣ ሳንባዋም ተጎዳ። አንገቷ ታስሮ በቃሬዛ ስትወጣ የዩኒቨርሲቲዋ ባንድ መዝሙሩን መታ። ልጅቷ ተኝታ ሳለ በእጆቿ ብቻ የጭፈራውን እንቅስቃሴ ሠራች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ሕዝቡ ያጨበጨበው ለጥንካሬዋ ነው። ነርስ የሆነ ሰው ግን ያንን ሲያይ ይደነግጣል። አንገቷ የተጎዳ ሰው ማንቀሳቀስ የሌለበትን ሁሉ ተምረናልና። ደግነቱ ልጅቷ ዳነች። በዚያው ዓመት ደንቡ ተለወጠ፤ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ጠንካራ ወለል ላይ ያለ ምንጣፍ ሰው ወደ ላይ መወርወርና ከፍ ያለ ፒራሚድ መሥራት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ከባድ አደጋ ቀንሷል።

በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ ማዕከል ከ1982 ጀምሮ ለሩብ ምዕተ ዓመት የሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው፣ በአሜሪካ በሴት ተማሪ ስፖርተኞች ላይ ከደረሱት እጅግ ከባድ ጉዳቶች ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት የመጡት ከቺርሊዲንግ ነበር። እጅግ ከባድ የተባሉት ለሞት፣ ለሽባነት ወይም ለአንገትና ለራስ ቅል ስብራት የሚያደርሱት ናቸው። በሌላ በኩል እንደ ወለምታ ያሉትን ጉዳቶች ሁሉ አንድ ላይ ብንቆጥር፣ ቺርሊዲንግ ከብዙ ሌሎች ስፖርቶች ያነሰ ጉዳት አለው። ጉዳቱ ሲመጣ ግን ከከፍታ ስለሆነ ይከብዳል።

ስፖርት ነው ወይስ ጭፈራ?

ይህ ጥያቄ የእህቴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኮኔቲከት ግዛት አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ ክዊኒፒያክ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው የቺርሊዲንግ ውድድር ቡድን በሕግ ፊት እንደ ስፖርት ሊቆጠር አይችልም ብለው ፈረዱ። በ2012 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በበኩሉ፣ ልጆቹ እንደ ሌላው ስፖርተኛ የጤና ምርመራ፣ የሠለጠነ አሠልጣኝና የሕክምና ባለሙያ እንዲያገኙ እንደ ስፖርት ይታይላቸው አለ። በ2021 ደግሞ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለቺርሊዲንግ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሙሉ እውቅና ሰጠው።

ለእኛ ለወላጆች ቁም ነገሩ ሐኪሞቹ ያሉት ነው። «ጭፈራ ብቻ ነው» የተባለ ነገር ሐኪም አይመደብለትም፣ ምንጣፍም አይገዛለትም። ንቀታችን ራሱ አደጋ ያመጣል።

በእኛም ደጅ

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሰርከስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ወዲህ በብዙ ከተሞቻችን ልጆች አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ መቆም ተምረዋል። የሰርከስ ልጆቹ ስለ ኤችአይቪ ኤድስ በትርኢት ሲያስተምሩ፣ እኛ የጤና ሠራተኞች በስብሰባ ልናደርሰው ያልቻልነውን መልእክት ለወጣቱ አድርሰዋል። ደብረ ብርሃንም የራሷን ሰርከስ አፍርታለች። በየትምህርት ቤቱ በበዓል ቀን ልጆች ፒራሚድ ሲሠሩ እናጨበጭባለን፤ ከታች ያለው ብዙ ጊዜ ድንጋይ የበዛበት ሜዳ ነው።

ጥር 25 በመርቆሬዎስ በዓል የፈረስ ጉግስ ሲደረግም እንዲሁ ነው። በሥራ ዘመኔ ከፈረስ ወድቆ የመጣ ጎረምሳ ብዙ አይቻለሁ። ጓደኞቹ በሁለት ክንዱ ጎትተው ያስነሱታል፣ ውኃ ይደፉበታል፣ እሱም «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ተመልሶ ይፈናጠጣል። ማታ እያስመለሰውና እየተኛባቸው ይዘውት ይመጣሉ።

ወላጅ ምን ይወቅ?

የአንጎል መናወጥ ደም አያሳይም። ልጁ ከወደቀ ወይም ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ የተነገረውን መርሳት ከታየበት በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስ። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ቀናት ይረፍ፤ ከዚያም በጤና ባለሙያ ምክር ደረጃ በደረጃ ይመለስ። አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ ጉዳቱ የከፋ ነው። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እጅ እግሩ ከዛለ ወይም የአንዱ ዐይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አድርሱት።

ከከፍታ የወደቀና አንገቱን የሚያመው ሰው በክንዱ አይጎተት፣ አይቀመጥ። ጭንቅላቱንና አንገቱን በሁለት እጅ እንዳለ ያዙ፤ ማጓጓዝ ግድ ከሆነ ብዙ ሰው ሆናችሁ ሰውነቱን እንደ አንድ ግንድ፣ ሳታጣምሙ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አውጡት።

ሌላው ምግብ ነው። ወደ ላይ የምትወረወር ልጅ ቀላል እንድትሆን ስለሚፈለግ ምግብ የሚቀንሱ አሉ። የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ፣ ቶሎ ከደከመች፣ አጥንቷን ደጋግሞ ካመማት ሐኪም ይያት። በጾም የምትለማመድ ልጅም ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን ሳትቆጥብ ትብላ።

ባሕር ማዶም ሆነ እዚሁ ያለ ልጃችሁ ሲደውል እነዚህን ጠይቁት። የምትለማመዱት ምንጣፍ ላይ ነው? አሠልጣኛችሁ ለዚህ የሠለጠነ ነው? የጤና ባለሙያ አብሯችሁ አለ? ጭንቅላትህን የተመታህበት ቀን አለ? «ዛሬ አልችልም» ብትል ማን ይሰማሃል?

መልሱን ስትሰሙ አትቆጡ። እህቴ አሁን በየሳምንቱ ትጠይቃታለች፤ ስለ ቀሚሱ ቅሬታዋ ባይለቃትም ለጊዜው አታነሳውም። ልጅቷም የጉልበቷን ሕመም እንኳ ሳትቀር መንገር ጀምራለች።