ስዊዘርላንድና ደባርቅ፦ ጆንያ የማይጫንበት ንግድ

የውጭ ንግድ ሲባል ለነጋዴው ቶሎ የሚታየው የቡና ጆንያና የሰሊጥ ኩንታል ነው። ደባርቅ ከስዊዘርላንድ ጋር ሂሳብ የከፈተችው ግን በዋልያ ነው።

የሁለቱ አገሮች ትውውቅ የቆየ ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መጥቶ የምኒልክ አማካሪ እስከ መሆን ደርሷል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቋመ፤ የስዊስ ተመራማሪዎችም ዋልያውንና አፈሩን ሊያጠኑ ተራራውን ወጥተዋል። ፓርኩ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያው ዘመን በሰሜን የሠሩት ሃንስ ሁርኒም በ1981 በበርን ዩኒቨርሲቲና በግብርና ሚኒስቴር ትብብር የተጀመረውን የአፈር ጥበቃ ምርምር መርተዋል።

ትርፉ ለማን ነው? ቱሪስት ሲመጣ በቅሎ አከራዩ፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በግና ዶሮ ሻጩ ሁሉ ይካፈላል። ወጪውስ? ቅርሱ በ1996 ከገባበት የአደጋ መዝገብ በ2017 የወጣው፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ ነው። የገብስ ማሳውን የለቀቀው ገበሬ ከተማ ገብቶ እህል ሸማች ሆኗል።

ገበያውም ለአደጋ የተጋለጠ ነው። በ2021 ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ነበር፤ በ2023 የተቀሰቀሰው የክልሉ ግጭትም ጎብኚውን አራቀ።

እንግዲህ ደባርቅ ላይ ሆቴል ለመሥራት ያሰበ ባለሀብት የአልጋውን ቁጥር ብቻ አይደምር። የመንገዱን ሰላምና የግጭን ተነሺ ድርሻም በሂሳቡ ያስገባ። ዋልያው የሚተርፈው ጎረቤቱ ሲጠቀም ነው፤ ዋልያ ከሌለ ደግሞ ገበያው ባዶ ነው።