ሰውን በጠባዩ ስለ መለየት

ሰዎች ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ ከጨዋታው ሁሉ የሚጣፍጠው የሌላውን ሰው ጠባይ መተንተን ነው። «እገሌ እሳት ነው፤ እገሊት ግን መሬት ናት፥ ቢረግጧትም አትናገርም» ይባላል። ይህ አነጋገር ከሜዳ የተገኘ አይደለም። የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፥ ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከእሳትና ከነፋስ እንደ ተፈጠረ ገና በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሰምተናል። ዐውደ ነገሥት የሚገልጡ ሰዎችም የሰውየውን ስም ከእናቱ ስም ጋራ በፊደል ቈጥረው በ12 ይገድፉና በተረፈው ቍጥር ኮከቡ የእሳት ነው፥ ወይም የውሃ ነው ይላሉ። ኮከባቸው አይገጥምም ተብሎ የቀረ ጋብቻም አለ።

ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2ኛው መቶ ዓመት በሮም ይኖር የነበረው የግሪክ ሐኪም ጋሌኖስ የሰውን ጠባይ ከደም፥ ከአክታ፥ ከቢጫና ከጥቁር ሐሞት ጋራ አያይዞት ነበር፤ የዛሬ ሕክምና ይህን ትቶታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. የስዊስ ሐኪም ካርል ዩንግ ሰውን ልቡ ወደ ውስጥ የሚያዘነብልና ወደ ውጭ የሚያዘነብል ብሎ ለየ። ከእርሱም ትምህርት ተነሥተው አሜሪካውያን እናትና ልጅ ካትሪን ብሪግስና ኢዛቤል ማየርስ ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍል መጠይቅ አዘጋጁ። ዳሩ ግን አንድ ሰው ይኸንኑ መጠይቅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሲመልስ ሌላ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

እኛ በፍርድ ቤት የምስክር ቃል እንጽፋለን። ምስክሩ «ሰውየው ቍጡ ነው» ቢል ዳኛው «ቍጣውን ተወው፤ በዚያ ቀን ምን ሲያደርግ አየህ?» ይላሉ፤ የምንጽፈውም ያየውን ነው። ይሁን እንጂ ቤታችን ስንገባ ይህን ሕግ ከደጅ እንተወው ነበር።

ሁለት ወንዶች ልጆች አሉን። ታላቁን መሬት፥ ታናሹን እሳት አልናቸው፤ ዘመድም ተቀበለው። እንስራ ሲሰበር የሚገሠጸው ታናሹ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ አልጋውን የሚለቀው ታላቁ ነው፥ እርሱ አይከፋውምና! አንድ ቀን ከትምህርት ቤት «ልጃችሁ ጓደኛውን መትቶ ጥርሱን ሰብሯልና ቅረቡ» የሚል ደብዳቤ መጣ። እስከ መጨረሻው ሳናነብ ታናሹን ጠርተን ገሠጽነው፤ ልጁም እያለቀሰ ማለ። ኋላ ስናነበው የተጻፈው የታላቁ ስም ነበረ። እኛ ግን ስሕተት መሰለን። በማግሥቱ ታላቁ ከጐናችን ቆሞ ሳለ መምህሩን «ስም ተለዋውጦባችኋል፤ እንዲህ ያለውን የሚያደርግ ወንድሙ ነው» ብለን ተከራከርን። ያን ጊዜ ልጁ ቀና ብሎ «አባባ፥ የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። መምህሩ ስለ ምን እንደ መታው ጠየቁት። «ሁልጊዜ ተራዬን ይወስድብኛል፤ አንተ አትናገርም ይለኛል» ሲል መለሰ።

የተመታውን ልጅ ወላጆች ይቅርታ ጠይቀን፥ የሕክምናውንም ገንዘብ ከፍለን ተመለስን። የታናሹ ነገር ይብስ ነበር። ማታ ጠርተን «በድለንሃል» ብንለው አንድ ቃል ሳይመልስ እጁን ታጥቦ ወደ ማዕድ ቀረበ። በዚያችም ሌሊት እንግዳ ነበረብን። ባለቤታችን እንደ ልማዷ የታላቁን አልጋ ልታነጥፍ ሄዳ መለስ አለችና «ትለቅለታለህን?» ብላ ጠየቀችው።

«ዛሬስ አልለቅም» አለ። እንግዳው ከእኛ ክፍል ተኛ።