በርበሬያችሁ ደበዘዘ? ከመጣላችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ዱባይ የምትኖር አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ እናቴ አምና የላከችልኝ በርበሬ ሲመጣ ደም የመሰለ ቀይ ነበር። አሁን ወይቦ ቡናማ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እዚህ ሱቅ የገዛሁት ግን እንዳለ ነው፣ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። የእናቴ ተበላሽቶ ነው? ልጣለው ወይ?»

የት እንዳስቀመጠችው ጠየቅኋትና ፎቶ ላከችልኝ። በርበሬው በብርጭቆ ዕቃ ሆኖ መስኮቱ ስር፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። በቃ፣ ግማሹ መልስ ፎቶው ላይ ነበር።

በርበሬን ቀይ የሚያደርጉት ካሮቲኖይድ የሚባሉ ቀለሞች ናቸው። ዋናው ካፕሳንቲን ይባላል። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲንም በርበሬ ውስጥ አለ። እነዚህ ቀለሞች እንደ ረጅም ሰንሰለት አስቧቸው፤ የካርቦኖቹ ትስስር አንዱ ነጠላ፣ ቀጣዩ ድርብ እየሆነ የተደረደረ ነው። ቀይ ሆነው የሚታዩንም በዚሁ አደራደር ምክንያት ነው። ችግሩ ድርብ ትስስርን ኦክስጅን በቀላሉ ያጠቃዋል። ሰንሰለቱ ሲቆራረጥ ቁርጥራጮቹ ቀለም አልባ ይሆናሉ። ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያፋጥኑታል። የእህታችን በርበሬ ሦስቱንም በአንድ ቦታ አግኝቷል ማለት ነው፤ አየር፣ የመስኮት ብርሃን፣ የምድጃ ሙቀት።

እናቶቻችን ዛላውን አስቀምጠው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማስፈጨት የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛላው ሙሉ ሲሆን ቀለሙ ውስጥ ተሸፍኖ ይቆያል። ሲፈጭ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ለአየር ትጋለጣለች።

«ታዲያ ለምን አሁንም ያቃጥላል?» ትሉ ይሆናል። የሚያቃጥለው ሌላ ነገር ነው፤ ካፕሳይሲን ይባላል፣ ቀለም የለውም፣ ከቀዩ ቀለምም በጣም የተሻለ ይቆያል። ስለዚህ የደበዘዘ በርበሬ ዓይን ሊያስለቅስ ይችላል። የሚቀንሰው መዓዛውና ቤታ ካሮቲኑ ነው። ካፕሳንቲን ራሱ ወደ ቫይታሚን ኤ አይቀየርም፤ ቤታ ካሮቲን ግን ይቀየራል፣ እሱም የሚጎዳው በዚያው በአየርና በብርሃን ነው። ለነገሩ ለቫይታሚን ኤ ብሎ በርበሬ የሚበላ ሰው አላየሁም፤ ለዚያ ካሮት፣ ጎመንና ዱባ አለላችሁ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የሱቁ በርበሬ ነው። ቀለሙ ስላልተለወጠ ብቻ የተጭበረበረ ነው አልልም። በቅርቡ የተፈጨ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ የታሸገና ጨለማ ቦታ የቆየ በርበሬ ቀለሙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን ገዢው ሁሉ «ቀዩን ስጠኝ» ሲል፣ ነጋዴው ቀይ የሚያደርግበትን መንገድ ይፈልጋል። አንዳንዱ የሸክላ ዱቄት ይጨምራል። አንዳንዱ ደግሞ የፋብሪካ ቀለም።

በፈረንጆቹ 2003 ከውጭ በገባ የበርበሬ ምርት ውስጥ «ሱዳን 1» የተባለ ቀለም ተገኝቶ የአውሮፓ ኅብረት አስቸኳይ ቁጥጥር አውጥቶ ነበር። በ2005 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በዚሁ ቀለም የተበከለ የበርበሬ ዱቄት አንድ ሶስ ውስጥ ገብቶ፣ ሶሱ የተጨመረባቸው ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከየሱቁ ተሰብስበዋል። (ሱዳን የቀለሙ ስም ነው፤ ጎረቤቶቻችንን እንዳትወቅሱ።) ይህ ቀለም የተሠራው ለሰም፣ ለዘይትና ለጫማ ቀለም እንጂ ለምግብ አይደለም። ከካሮቲኖይድ ይልቅ ብርሃንና ሙቀት ይቋቋማል፤ ለአጭበርባሪ የሚመቸውም ለዚህ ነው። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ዕጢ አምጥቷል። በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ባይኖርም፣ «ይህን ያህል ቢበላ አይጎዳም» የሚባል መጠን ስላልተገኘለት ምግብ ውስጥ አይፈቀድም።

ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል? በከፊል። አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ትንሽ በርበሬ በትኑና ሳትበጠብጡ ተመልከቱ። የበርበሬ ቀለም የሚሟሟው በዘይት እንጂ በውሃ አይደለም፤ ወጥ ላይ ቀይ ዘይት የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ደማቅ ቀይ ቀለም እንደ ክር እየወረደ ከታየ በውሃ የሚሟሟ ቀለም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ከቅመሙ የተነሣ ትንሽ ቢደፈርስ ችግር የለውም። ታች የዘቀጠውን በጣታችሁ እሹት፤ እንደ አሸዋ ከኮሰኮሰ ሸክላ ወይም አፈር ጠርጥሩ። «ሱዳን» ግን እንደ በርበሬው ቀለም በዘይት ስለሚሟሟ በዚህ ሙከራ አይያዝም። እሱን የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ሙከራውን ካለፈ ንጹሕ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ በደንብ የደረቀውን በርበሬ ብርሃን የማያስገባ፣ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ እስከ አፉ ሙሉት፤ ባዶ ቦታው በበዛ ቁጥር አየሩም ይበዛል። ለአንድ ወር የሚበቃችሁን ለብቻ ቀንሱ፣ የቀረው ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ። ከፍሪዘር ስታወጡት ወዲያው አትክፈቱት፤ ክዳኑ እንደተዘጋ ይሙቅ፣ አለዚያ እርጥበት ይይዛል። እርጥብ ማንኪያ ደግሞ በፍጹም! እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፤ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል። ይህ መርዝ በቁሌትም በማብሰልም አይጠፋም። ደማቅ ቀይ በርበሬ ውስጥም ሊኖር ይችላል፤ ከቀለሙ ጋር አይገናኝም።

በነገራችን ላይ የጎመን አረንጓዴም እንደዚሁ ነው። ሲበስል ከቀለሙ መሐል ያለው ማግኒዥየም ይወጣና ይጠቁራል። አንዳንድ ሰው እንዳይጠቁር ሶዳ ይጨምርበታል። አረንጓዴው ይቆያል፣ ቫይታሚን ሲው ግን ይበልጥ ይጎዳል። እኔ የጠቆረውን እመርጣለሁ።

ለእህታችን የሰጠኋት መልስ ይህ ነው፦ በርበሬውን ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሺው። እየተያያዘ ከጓጎለ፣ ሻጋታ ካየሽበት ወይም ሻገተ ሻገተ የሚል ሽታ ካለው የእናትሽ ቢሆንም ጣይው፤ ሻጋታውን አንስቶ የቀረውን መብላት አይሆንም። የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነም ይቅርብሽ። ደርቆ፣ ሽታው ደህና ሆኖ ቀለሙ ብቻ ከወየበ ግን ሥሪበት። ወጡ እንደ አምናው ባይቀላም ምንም አይልሽም። የሱቁን የውሃ ሙከራ አድርጊና ውጤቱን ጻፊልኝ ብያታለሁ፤ እስካሁን አልመለሰችልኝም።